ከቸርችል ሐውልት አለፍ ብሎ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ለኢትዮጵያ የተሟገቱትን እንግሊዛዊት፣ የሲልቪያ ፓንክረስትን ዱካ የምንከተልበትን የእግር ጉዟችንን ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ላውራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ዉድፎርድ ግሪን ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ ዳር፣ ከኤፒንግ ደን አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ታዋቂ ሰው አላጣም። ገጣሚውና የንድፍ ባለሙያው ዊሊያም ሞሪስ ልጅነቱን በዚሁ አካባቢ አሳልፏል። ክሌመንት አትሊም ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት እዚህ ኖሯል። ቸርችል ደግሞ ከ1924 እስከ 1964 የአካባቢው የፓርላማ ተመራጭ ነበር። ሐውልቱ ሜዳው ላይ ተገትሯል። ፎቶ የሚያነሳ ያንሳ፤ እኔ ግን እዚያ ብዙ አላቆማችሁም።

የመጣነው ለሲልቪያ ፓንክረስት ነው። ሚስ ሲልቪያ በ1924 እዚህ ገቡ። ከጣሊያናዊው ስደተኛ ከሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር "ቀይ ጎጆ" በሚባል ቤት ኖሩ። ሻይ ቤትም ከፍተው ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም። በ1935 ያቆሙት ሐውልት ግን አለ።

ስትደርሱ ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሠረቱ ላይ የቆመች የድንጋይ ቦምብ ናት። የቆመችው በጥቅምት ነው፤ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ በሳምንታት ውስጥ። የሚገርመኝ ጽሑፉ ነው። የሚወቅሰው ሙሶሊኒን አይደለም፤ በ1932 በአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብት እንዲጠበቅ የቆሙትን ነው። እነማን ናቸው? በጄኔቫው የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ ላይ የብሪታንያ መንግሥት ራቅ ባሉ ግዛቶች "ለፖሊስ ሥራ" ቦምብ መጣል ይፈቀድልኝ ብሎ ነበር። ሚስ ሲልቪያ ጣታቸውን የቀሰሩት በራሳቸው መንግሥት ላይ ነው። እኔ የማከብራቸው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። የሌላውን ጥፋት ማውገዝማ ማንም ይችላል!

ከዚህ ሰፈር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣም አወጡ። የመጀመሪያው እትም ቀን ሜይ 5፣ 1936 ነው፤ አዲስ አበባ በጠላት የተያዘችበት ዕለት። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ዘለቀ።

በ1956 ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። ከሳቸው ጋር የመጡት ልጃቸው ሪቻርድ፣ ያው የኛው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ያደጉት እዚሁ ዉድፎርድ ግሪን ነው። ዛሬ እናትና ልጅ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፈዋል።

ጥያቄ ያላችሁ እየሄድን ጠይቁኝ። በሉ፣ እንነሳ።