ሎስለስ ከፍታችሁ በብሉቱዝ የምትሰሙ ሰዎች፣ ቁጭ በሉ እንነጋገር

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ! ስለ ሎስለስ፣ ማለትም ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ ስለሚመጣው የሙዚቃ ጥራት፣ ኮሜንት ላይ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፦ «ሎስለስ ከፍቻለሁ፣ ልዩነቱ ግን አይሰማኝም፣ ለምንድን ነው?» መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ በብሉቱዝ እየሰማችሁ ስለሆነ ነው። አለቀ። ቪዲዮው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ግን ሰብስክራይብ ሳታደርጉ ወዴት!

እሺ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። ወደ ዋሽንግተን ወይ ወደ ዱባይ የሚሄድ ዘመድ አላችሁ እንበል፤ እንጀራ ልትልኩበት ነው። ሻንጣው ደግሞ ሞልቷል። ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው፣ እንጀራውን እንዳለ አጣጥፎ፣ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ጠቅልሎ መላክ። ቦታ ይቆጥባል፤ እዚያ ደርሶ ሲፈታ ግን ያው እንጀራ ነው፣ ዓይኑ እንኳን አልጠፋም። ሎስለስ ማለት ይኼ ነው። የፋይል ዓይነቶቹን ፍላክ በሉት፣ የአፕሉን አላክ በሉት፣ ፋይሉን ወደ ግማሽ ገደማ ያጥፉታል፤ ሲዘረጋ አንዲት ቁጥር አትጎድልም።

ሁለተኛው ድርቆሽ ነው። ውሃው ወጥቶለት፣ ደርቆ፣ ተሰባብሮ፣ በትንሽ ኪሎ ብዙ ይሄዳል። ኤምፒስሪ፣ ኤኤሲ፣ ኦግ ቮርቢስ፣ ሁሉም ድርቆሾች ናቸው። «ይኼንን ጆሮ አይሰማውም» ያሉትን አውጥተው ይጥላሉ። የተጣለው ደግሞ አይመለስም።

እና ድርቆሽ መናቅ የለም፣ እሺ? ቁሌቱ ጥሩ ከሆነ የድርቆሽ ፍርፍር የሚያህል ምን አለ! 256 ኪሎቢት ኤኤሲ፣ 320 ኪሎቢት ኦግ ቮርቢስ፣ በደንብ የራሰ ድርቆሽ ነው (ኪሎቢቱ በሴኮንድ የሚሄደው የመረጃ መጠን ነው)። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትፈተኑ አብዛኞቻችሁ ከሎስለስ አትለዩትም። 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ግን ድርቆሽም አይደለም፣ የድርቆሽ ዱቄት ነው። ጭብጨባ ያለበት ዘፈን ክፈቱና ስሙት፤ «ጧ» ማለቱ ቀርቶ «ጽሽ» ይላል። ጸናጽሉማ ውሃ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።

ብሉቱዝስ? ብሉቱዝ በረኛ ነው። ትኩሱ እንጀራ እስከ በሩ ይደርሳል፤ በረኛው «ደረቅ ካልሆነ አይገባም» ይልና እዚያው አድርቆ ያስገባዋል። የሲዲ ጥራት ሳይታጠፍ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። ኤርፖድ በብሉቱዝ የሚቀበለው 256 ገደማ፣ ተራው የብሉቱዝ መጭመቂያ ኤስቢሲ እስከ 328፣ የሶኒው ኤልዳክ ቢበዛ 990፤ እሱም ግንኙነቱ ሲደክም ወደ 660 ወይ 330 ይወርዳል። አፕቴክስ ሎስለስ የሚባል አለ፤ ስልኩም ኢርፎኑም ሁለቱም ካልደገፉት ግን ዋጋ የለውም። ስክሪኑ ላይ «ሎስለስ» የሚል ምልክት አይታችሁ የተደሰታችሁ፣ ምልክቱ የሚነግራችሁ አገልግሎቱ የላከውን ነው፤ ጆሮአችሁ የደረሰውን አይደለም።

ቁጥሮቹን ቶሎ እናሳልፋቸው። ኪሎኸርዙ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካ ነው፤ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ። 16 ቢት በ44.1 ኪሎኸርዝ ሲዲ ነው። 24 ቢት እስከ 192 ደግሞ ሃይሬዝ የሚባለው፣ ከሲዲ በላይ ያለው ነው። 44.1 ቅጥነቱ እስከ 22 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ ከ20 አያልፍም፤ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ደግሞ 15 ከሰማ ተመስገን ይበል። ስለዚህ ለመስማት ሲዲ ጥራት ይበቃል፤ 192 ለስቱዲዮ ሰዎች ነው። ይኼ የኔ አቋም ነው፣ የሚናደድ ኮሜንት ላይ ይናደድ።

ከሙዚቃ አገልግሎቶቹ ማን ምን ሎስለስ ይሰጣል? አፕል ሚዩዚክ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ 24 በ192። አማዞን ሚዩዚክም በዚያው ዓመት ተጨማሪ ክፍያውን አንስቷል። ታይዳል እስከ 24 በ192፣ በፍላክ። ስፖቲፋይ ዘግይቶ በ2025 እ.ኤ.አ. ገባ፣ እስከ 24 በ44.1። ዩቲዩብ ሚዩዚክ የለውም።

አሁን ኪሳችሁን የሚነካው። አፕል ራሱ ባወጣው ግምት የሦስት ደቂቃ ዘፈን በኤኤሲ 6 ሜጋባይት ነው፤ በሎስለስ 36፤ በሃይሬዝ 145። አንድ ሰዓት ሎስለስ ከ700 ሜጋባይት በላይ ይበላል ማለት ነው። የሞባይል ፓኬጅ ላይ ያለ ሰው ይኼን ከፍቶ ታክሲ ውስጥ ከገባ ሒሳቡን ራሱ ያውቃል። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ሚዩዚክ፣ ኦዲዮ ኳሊቲ ግቡ፤ ለሴሉላር ስትሪሚንግ «ሃይ ኳሊቲ»፣ ለዋይፋይና ለዳውንሎድ «ሎስለስ» አድርጉ። ከዚያ በሽቦ ስሙ። የአፕሏ ትንሽ የኢርፎን ማገናኛ ውስጧ ዳክ አላት፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የምትቀይረዋ ዕቃ፤ እስከ 24 በ48 ትችላለች። ከመንገድ ላይ የምትገዟት ርካሽ ማገናኛ ግን ዳክ የሌላት ልትሆን ትችላለች፤ ስትሰኳት ስልኩ ጭጭ ይላል። አልተበላሸም፣ ዳክ የላትም፣ በቃ። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክራችሁ ግዙ።

ቆይ፣ ድምፁ ከዙሪያችሁ የሚመጣ ወደሚያስመስለው ስፔሻል ኦዲዮ ልንሄድ ነበር፣ ግን አንድ ኮሜንት አላሳልፍ አለ። «ቴሌግራም ላይ የድሮ ዘፈኖች በፍላክ አሉ፣ 24 ቢት፣ እኔ እነሱን ነው የምሰማው» የምትሉ አላችሁ። ወገኖቼ! ድርቆሽን ውሃ ብትነክሩት እንጀራ አይሆንም! ኤምፒስሪን ወደ ፍላክ መቀየር ለማንም የአምስት ሴኮንድ ሥራ ነው። ፋይሉ ያብጣል፣ ድምፁ ያው ነው።

እንዴት ይታወቃል? ስፔክ የሚባል፣ ድምፁን ወፍራሙን ከታች ቀጭኑን ከላይ አድርጎ በቀለም የሚስል ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኑና ፋይሉን ጎትታችሁ ጣሉበት። (ስክሪን ላይ፦ ሁለት የስፔክ ምስሎች ጎን ለጎን)

የግራውን እዩ። ቀለሙ ከታች ጀምሮ ይመጣና 16 ኪሎኸርዝ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ያልቃል። ከላይ ጥቁር ነው፣ ባዶ። ይኼ የ128 ኤምፒስሪ ፊርማ ነው፣ ስሙ ፍላክ ቢሆንም። 320 ከሆነ መቁረጫው ወደ 20 ይጠጋል፣ ለመለየት ይከብዳል።

የቀኙን እዩ። ይኼም ከላይ ይሳሳል፣ ግን ቀስ እያለ፣ እንደ ጭስ፤ ከበላዩ ደግሞ ስስ ጉም አለ። ጉሙ የካሴቱ ሽሽታ ነው። ይኼኛው ከካሴት በቀጥታ በሎስለስ የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ ካሴት ድሮም ከላይ ብዙ አልነበረውም። ስለዚህ «ከላይ ባዶ ነው፣ ውሸት ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ የሚያሳብቀው ቀጥ ያለው ቁርጥ ነው። በነገራችን ላይ ሽሽታው ራሱ ለኤምፒስሪ ጠላት ነው፤ ቢቱን ጫጫታው ላይ ይጨርስና ማሲንቆው ይራባል። የድሮ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ ስትቀዱ በፍላክ ቅዱ። 16 በ44.1 ይበቃል። ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ፤ ከሁሉም ቢት በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

እሺ፣ ስፔሻል ኦዲዮ። ስፔሻል ኦዲዮ የሚሠራበት ዶልቢ አትሞስ ሎስለስ ነው ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ በስትሪሚንግ አይደለም። አፕል ሚዩዚክ ላይ አትሞስ የሚመጣው በ768 ኪሎቢት ተጨምቆ ነው። ዶልቢ አትሞስን «አውቶማቲክ» ላይ ከተዋችሁት፣ ዘፈኑ አትሞስ ካለውና ኢርፎናችሁ ከደገፈ እሱን ይመርጥላችኋል፤ ሎስለሱ ይቀራል። ሎስለስ የፈለገ «ኦፍ» ያድርገው። ድምፁ ከስቴሪዮው ዝቅ ካለባችሁም ብልሽት አይደለም፤ አትሞስ ሚክስ ዝቅ ተደርጎ እንዲሠራ የዶልቢ መመሪያ ያዛል፤ ቮልዩም ጨምሩ። ኤርፖድ ያላችሁ ደግሞ ኮንትሮል ሴንተር ላይ ቮልዩሙን ጫን በሉት፤ «ስፔሻላይዝ ስቴሪዮ» ካለ ስልኩ ከስቴሪዮ የፈበረከው ነው እንጂ የስቱዲዮ አትሞስ አይደለም።

ቤት ውስጥ በሳውንድባር፣ ቴሌቪዥን ሥር በሚቀመጠው ረጅም ስፒከር፣ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኬብሉን እዩ። በቀጭኗ የኦፕቲካል ሽቦ አትሞስ አያልፍም፣ አትድከሙ። ኤችዲኤምአይ ይሁን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ «አርክ» ወይም «ኢአርክ» የሚል በተጻፈበት ቀዳዳ፤ ሌላው ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት ድምፅ አይመለስም። ከዚያ የቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ «ፒሲኤም» ላይ ከሆነ ወደ «ፓስ ስሩ» ወይ «ቢትስትሪም» ቀይሩት። ሰካን፣ ግን አትሞስ የሚል አይታይም የምትሉት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የቀራችሁት።

ሁለተኛ፣ ኮርኒሳችሁን ቀና ብላችሁ እዩ። ወደ ላይ የሚተኩስ ስፒከር ያለው ሳውንድባር ድምፁን ኮርኒስ ላይ አንጥሮ ነው ወደ እናንተ የሚያወርደው፤ ጠፍጣፋና ጠንካራ ጣሪያ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ሲሚንቶው ተስማሚ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ግን ድምፁ ጨርቁን አልፎ ቆርቆሮው ሥር ይቀራል፤ አይጦቹ አትሞስ ይሰማሉ፣ እናንተ አትሰሙም። እዚያ ቤት ብሩን ሁለት ደህና ስቴሪዮ ስፒከር ላይ አውሉት። ቡፌው ውስጥ ግን አትወሽቋቸው! ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ፈቀቅ፣ በመካከላቸው ሁለት ሜትር፣ እናንተም ከእያንዳንዱ ሁለት ሜትር፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ በጆሮ ከፍታ። ከፊት ያለውን አርቴፊሻል አበባም አንሡት።

የቴሌቪዥናችሁንና የሳውንድባራችሁን ሞዴል ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ እየፈለግን እንመልሳለን። ኬብል ልትገዙ ስትሄዱም «በወርቅ የተለበጠ ነው» ብሎ ሦስት እጥፍ የሚጠራባችሁን ሰው ሰላም በሉትና እለፉ።