እቁብ ለምን እንገባለን?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ የሰነበተ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ሰው ለምን እቁብ ይገባል?

እናቴን ብትጠይቋት «ብሩ እንዳይበተን ነዋ!» ብላ ትገላግላችኋለች። ይህንኑ ጥያቄ ግን የኢኮኖሚክስ፣ የአንትሮፖሎጂ፣ የሶሲዮሎጂና የሳይኮሎጂ ሰዎች ከስልሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። እያንዳንዱ ሙያ የራሱ መልስ አለው። እኔ ጥናቶቹን ማንበብ የጀመርኩት ስለ እቁብ ለማወቅ ነበር። እያነበብኩ ስሄድ ግን ይበልጥ የያዘኝ ተመራማሪዎቹ የሰውን ባህርይ የሚያዩበት መንገድ ነው።

እቁብ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ መቼም ታውቃላችሁ። በኢንዶኔዥያ አሪሳን፣ በኮሪያ ኬ፣ በደቡብ አፍሪካ ስቶክቬል፣ በካሪቢያን አገሮች ሱሱ ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም ያዋጣል፣ አንዱ ጠቅልሎ ይወስዳል፣ ተራው ይዞራል።

ከኢኮኖሚስቶቹ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1993 ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮትና ግሌን ላውሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የእቁብን ሒሳብ ሠርተው አሳተሙ። በእኛ ብር ላስረዳችሁ። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 1,000 ብር ይጥላሉ እንበል። አንዱ ለብቻው ቢቆጥብ 12,000 ብር የሚሞላለት በአሥራ ሁለተኛው ወር ነው። እቁብ ከገባ ግን በአማካይ በስድስት ወር ተኩል ይደርሰዋል። የመጨረሻው ሰው እንኳ ብሩን የሚያገኘው ለብቻው ቢቆጥብ በሚያገኝበት በዚያው ወር ነው። ስለዚህ ፍሪጅ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ሰው እቁብ ያዋጣል። ወለድ የለም፣ ባንክም የለም፣ ግን ሁሉም እኩል ወይም ቀድሞ ያገኛል።

ሒሳቡን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። በመጀመሪያው ወር 12,000 ብር የደረሰው ሰው በቀጣዮቹ ወራት ለምን መጣሉን ይቀጥላል? ኢኮኖሚስቶቹ ይህን ያውቃሉ። ቢከዳ ስሙ ይጠፋል፣ ዳግመኛም እቁብ የሚያስገባው የለም ይላሉ። እኛም ጋ ዳኛና ጸሐፊ አለ፤ እጣ የወጣለት ሰውም ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ዋስ ይጠራል። የዋጋ ንረት ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። የዛሬ 12,000 ብርና የዓመት በኋላው 12,000 ብር አንድ አይደሉም። ያም ሆኖ ሰው እቁቡን አልተወም። ታዲያ ከሒሳቡ ሌላ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሳይኮሎጂ ሐሳብ ይገባል። ሰው ለነገ ያሰበውን ዛሬ ያፈርሳል። ራሱም ይህን ስለሚያውቅ የሚያስረው ነገር ይፈልጋል። ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላንና ዌስሊ ዪን ይህን ፊሊፒንስ ውስጥ ሞክረውታል፤ ጥናታቸው በ2006 ወጣ። በአንድ ባንክ በኩል ደንበኞችን፣ ራስህ የወሰንከው ቀን ወይም መጠን ሳይደርስ ገንዘብህን ማውጣት አትችልም የሚል ሒሳብ ክፈቱ አሏቸው። ወለዱ ከሌላው ሒሳብ አይበልጥም። ከተጠየቁት ውስጥ 28 በመቶው እሺ አሉ። ሦስቱም ኢኮኖሚስቶች ናቸው፤ ሐሳቡን የተዋሱት ግን ከሳይኮሎጂ ነው። የድሮው ኢኮኖሚክስ ሰው ያለ ጥቅም ራሱን ያስራል ብሎ አይጠብቅም ነበር።

ሜሪ ኬይ ጉገርቲም በ2007 ባሳተመችው የምዕራብ ኬንያ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አገኘች። አባላቱ ለብቻችን መቆጠብ አንችልም፣ ብርታት የሚሰጠን አብረን መሰብሰባችን ነው የሚል መልስ ነበራቸው። እናቴ ስታነበው «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» ትላለች።

አሁን ወደ ራሴ ተወዳጅ ጥናት ልምጣ። ሲዋን አንደርሰንና ዣን ማሪ ባላን ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራ ሄደው ሠሩ፤ በ2002 ታተመ። አብዛኞቹ እቁብተኞች ባል ያላቸውና የራሳቸው ገቢ ያላቸው ሴቶች ሆነው ተገኙ። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ እንዲህ ነው፤ ሴቲቱ ለቤቱ የሚሆን ነገር ለመግዛት መቆጠብ ትፈልጋለች፣ ባልየው ደግሞ ገንዘቡ ዛሬ እንዲወጣ ይፈልጋል። ብሩ እቤት ከተቀመጠ ያልቃል። እቁብ ውስጥ ከገባ ግን «የሰው ነው፣ መጣል አለብኝ» ማለት ትችላለች። በጣም የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከቤቱ ገቢ የሴቲቱ ድርሻ ትንሽ ከሆነ እቁብ አትገባም፤ ማን ይፈቅድላታል? ብዙውን የምታመጣ ከሆነም ያን ያህል አትገባም፤ ቀድሞውንም የምትወስነው እሷ ነች። በብዛት የሚገቡት መሃል ላይ ያሉት ናቸው።

ይህን ሳነብ ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ እየሸጠች ልጆቿን ያስተማረች ሴት ትዝ አለችኝ። የቀኑን ሽያጭ ይዛ እቤት ከመግባቷ በፊት እቁቧን ጥላ ነበር የምታልፈው። ልጅ ሆኜ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ጥንቃቄስ ነው፣ ግን ከማን እንደሆነ ያሳየኝ ያ ጥናት ነው። በዓመታት የሰፈር ወሬ ውስጥ ያልሰማሁትን ነገር የቤተሰብ ገቢ ሰንጠረዥ ነገረኝ።

ሰንጠረዥ የማያሳየው ነገርም አለ። አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርዝ ጃቫ ላይ ያየው ድግሱን፣ ጨዋታውን፣ መተሳሰቡን ነው። በ1962 ሲጽፍ እንዲህ ዓይነቱ ማኅበር ገበሬውን ወደ ነጋዴ ዓለም የሚያሻግር መካከለኛ ደረጃ ነው፣ ባንክ ሲስፋፋ ቦታውን ይለቃል ብሎ ነበር። ሽርሊ አርድነር በ1964 አልተስማማችም። ባንክ ባለበትም አገር ሰው እቁቡን እንደማይተው አሳየች። ፒያሳ ያለ ማንኛውም ነጋዴ ማን ትክክል እንደነበር ይነግራችኋል።

ሶሲዮሎጂስቱ አይቫን ላይት ደግሞ በ1972 ወደ አሜሪካ የገቡ ቻይናውያንና ጃፓናውያን ትንንሽ ንግድ ለመክፈት ከየት ገንዘብ አገኙ ብሎ ጠየቀ። ከመልሶቹ አንዱ እንዲሁ ያለ ማኅበር ሆነ። ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን እቁብ ሲጥሉ ጥያቄው ያው ነው። አዲስ የገባ ሰው ባንኩ የሚያውቀው የብድር ታሪክ የለውም። የሚያውቁት የአገሩ ልጆች ናቸው።

እኔ ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ አልመርጥም። እቁብ ማለት ይህ ብቻ ነው የሚለኝን ሰው ግን አላምነውም፣ ሒሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር።

አሁን የምጓጓው ለስልኩ እቁብ ነው። በመተግበሪያ የሚጣል፣ ኮምፒውተር እጣ የሚያወጣበት እቁብ መጥቷል። በኢኮኖሚስቱ ዓይን ይህ ወጪና ድካም ይቀንሳል። ጊርዝ ቡናውና ጨዋታው የት ሄደ የሚል ይመስለኛል። የሳይኮሎጂ ሰው ከስልክ የሚመጣ መልእክት እንደ ጎረቤት ዓይን ያስራል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የኪቤራዋ ሴት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላት፤ ስልኩን ባሏ መክፈት ከቻለስ? እናንተ በስልክ የምትጥሉ ካላችሁ ጻፉልኝ። በተለይ የማታውቁት ሰው ቀድሞ ወስዶ መጣሉን ከቀጠለ፣ ምን ያዘው ትላላችሁ?