እስቲ ተነሺ ቁሚ

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። ጀነሬተሩ ይሰማችኋል አይደል፣ ዛሬም አለ፣ እሱ ከሌለበት እኮ የኔ ድምፅ አይመስለንም ብላችሁኛል።

ዛሬ ላወራ ያሰብኩት ስለ ሱቁ ኪራይ ነበር። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ያቺ አልትራሳውንድ የምታነሳው ሴትዮ። እጇን አቁማ ያየችኝ አስተያየት።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ጄሉ ይቀዘቅዛል። እኔ እንደዛ ስተኛ አምስተኛ ጊዜዬ ስለሆነ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ አራቱም እንዲህ ነው ያሉኝ፣ «ማህፀንሽ ንፁህ ነው፣ ምንም የለብሽም»። ትንሹን ከወለድኩ ጀምሮ አራት ዓመት ማለት ነው። እና ጣራውን እያየሁ፣ አሁን ወጥቼ ስንት ሰዓት ሱቅ እደርሳለሁ እያልኩ ሳስብ፣ «መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?» አለችኝ። ማታ አልኳት። ቆሜ ስውል። በዓል ሲደርስ አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ሹሩባ ስሠራ፣ ወደ ማታ ከእምብርቴ በታች የሆነ ነገር ይከብደኛል፣ በተለይ በግራ በኩል፣ ወደ ታች እንደሚጎትት። «ስትተኚስ?» አለችኝ። ስተኛ ይለቀኛል።

እጇን አቆመች። አየችኝ። «ታዲያ ተኝተሽ ምን ይታየናል? እስቲ ተነሺ ቁሚ የኔ እናት።»

ይቺን ነው እየደጋገምኩ የማስባት። አራት ዓመት ሙሉ ስተኛ ይለቀኛል እያልኩ፣ ለሁሉም ተናግሬያለሁ እኮ፣ አልደበቅኩም፣ እነሱም ይሰሙኝና ተኚ ይሉኛል። እኔም እተኛለሁ። እንዴት አንዳችንም፣ እኔም ጭምር...

ተነሳሁ። የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠቅልዬ፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ መሣሪያውን ይዛ፣ «ትንፋሽሽን ያዢና ወደ ታች ግፊ፣ ልክ ምጥ ላይ እንዳለሽ» አለችኝ። ገፋሁ። ከዛ ስክሪኑ ላይ ጥቁር በጥቁር የነበረው ነገር በቀለም ሞላ፣ ቀይ ሰማያዊ ቀይ ሰማያዊ፣ እንደ ትል የተጠማዘዘ ነገር፣ ድምፅም አለው፣ ሹሹሹ የሚል፣ ጠፍቶ የቆየ ውሃ ሌሊት ድንገት ሲመጣ ባንቧው እንደሚያሰማው። «ይኸው» አለች። በቃ። «ይኸው።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ፈርቼ መስሏት «አይዞሽ፣ ካንሰር አይደለም፣ የደም ሥር ነው» እያለች ትከሻዬን ያዘችኝ። እኔ ግን ፈርቼ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነው። በሽታ አለብሽ ተብዬ ደስ አለኝ። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሰው እንዴት እዚህ ይደርሳል? ታምሜያለሁ ተብሎ እልል የሚያሰኝ...

ቆይ ውሃ ልጠጣ።

ሐኪሙ በኋላ የመድኃኒት ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል ሳለልኝ፣ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እግር ላይ የሚወጣውን ቫሪኮስ ታውቁታላችሁ፣ ያ ያበጠ አረንጓዴ የደም ሥር፣ እሱ ነው በቃ፣ ግን ማህፀንና ኦቫሪ፣ እንቁላል ማፍሪያው፣ አካባቢ ውስጥ ያለ። ደም ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ አለኝ፣ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉ። እርግዝና ላይ እነዚህ ሥሮች የሚይዙት ደም እስከ 60 እጥፍ ይጨምራል፣ ስልሳ! ሥሩ ሲለጠጥ በሮቹ መገጣጠም ያቅታቸዋል፣ ከወሊድ በኋላም የማይመለስላት ሴት አለች። ደሙ ወደ ታች ይወርድና ይጠራቀማል። ቀኝ በኩል ያለው ሥር በቀጥታ ትልቁ ደም መላሽ ውስጥ ይገባል፣ የግራው ግን መጀመሪያ የኩላሊት ሥር ጋር ሄዶ ነው የሚገናኘው፣ ለዛ ነው ብዙ ጊዜ ግራው የሚብሰው። የኔ ግራ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ከ6 በላይ ሲሆን ይጠረጥራሉ። ግን ደግሞ የሰፋ ሥር ኖሯት ምንም የማያማት ሴትም አለች አለኝ፣ ስለዚህ ሥሩ ሰፋ ማለት የግድ የሕመምሽ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይደለም፣ ሌላ ሌላውንም አይተን ነው። ይሄን ሲለኝ ተናደድኩበት፣ አሁን ሳስበው ግን ሐቀኛ ነው።

ትንሹን አርግዤ ስድስተኛ ወር ላይ እኮ... ይሄን ተናግሬው አላውቅም፣ እሺ ልናገረው፣ ብልቴ ላይ ሥር አብጦ ነበር። መቀመጥ ሁሉ ያቅተኛል። አዋላጇ ስትወልጂ ይጠፋል አለችኝ፣ ጠፋም። አሁን ያ ምልክት ነበር ሲሉኝ... ማንስ ብሎ ይጠይቃል። ከባሌ ጋር ከሆንን በኋላ እስከ ማግስቱ የሚቆየውን ሕመምስ ለማን እነግራለሁ? ለሱም አልነገርኩትም እኮ። ደክሞኛል ነው የምለው። ሁለት ዓመት ደክሞኛል። እሱ ጠልታኛለች ብሎ ያስብ እንደነበር የነገረኝ ባለፈው ሳምንት ነው። አሁን ተነጋግረናል። ተነጋግረናል መሰለኝ።

እና ምን ያልተባልኩት አለ። ኢንፌክሽን ነው ተብዬ ስንት ዙር አንቲባዮቲክ ዋጥኩ። ሰፈር ብርድ ነው አሉኝ፣ መቀነት ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። አንዱ ደግሞ ጭንቀት ነው አለኝ። የሆነ ቦታ ሳነብ ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1949 ላይ ሃዋርድ ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ስለዚህ ደም መጠራቀም በሰፊው ጽፏል፣ እና እሱም ከስሜት ጭንቀት ጋር አያይዞታል። ያኔ እኔ ቀርቶ እናቴ እንኳን አልተወለደችም። ያቺ ቃል ይሄን ሁሉ መንገድ መጥታ እኔ ጋ ደረሰች። አዎ ተጨንቄያለሁ፣ ስላመመኝ ነው የተጨነቅኩት!

እሺ። ተረጋጋሁ።

ስለ ሕክምናው ደግሞ ልንገራችሁ። አሁን ለደም ሥር የሚሰጠውን ዳፍሎን እየወሰድኩ ነው፣ ሁለት ወር እንሞክርና እናያለን ተብያለሁ። ሆርሞንም አለ፣ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን፣ እየወሰድሽው ሕመሙን ይቀንሳል፣ ስታቆሚ ግን ሊመለስ ይችላል። ሌላው ኢምቦላይዜሽን የሚሉት ነው፣ ከአንገት ወይ ከብሽሽት በቀጭን ቱቦ ገብተው የተበላሸውን ሥር በትንንሽ የብረት ጥቅልል ይዘጉታል፣ ቀዶ ጥገና አይደለም፣ ብዙ ጊዜ በዛው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። በፈረንጆቹ ከ1993 ጀምሮ የሚሠራ ነገር ነው። ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፣ ሁሉም ግን አይደሉም፣ የሚመለስባትም አለች። እፈራለሁ። አልወሰንኩም። እስከዛው ከፍ ያለች ዱካ ገዝቼ ተቀምጬ ነው ሹሩባ የምሠራው፣ በየመሃሉ እራመዳለሁ፣ አንድ ቦታ ቆሞ ከመዋል መራመድ ይሻላል፣ እግር ሲንቀሳቀስ ደሙን ይገፋል። ማታ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እተኛለሁ። እሁድ ቅዳሴ ላይ ግን... መቋሚያም ይዤ አልቻልኩም፣ ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት «በዚህ ዕድሜሽ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው። ዝም አልኩ።

እግር ግድግዳ ላይ ስል... አዎ። እሱን ልነግራችሁ ነበር።

እማዬ። ልጅ ሆነን እማዬ ማታ ማታ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ መደብ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ እግሮቿን ግድግዳው ላይ ትሰቅል ነበር። ስድስት ልጅ ናት የወለደችው። እኛ ጨዋታ ይመስለን ነበር፣ አጠገቧ ተደርድረን እኛም እግራችንን እንሰቅላለን፣ ግድግዳው በእግራችን ጥቁር ብሎ አባዬ ይቆጣናል። ባለፈው ራሴን ልክ እንደዛ ሆኜ ሳገኘው ስልኩን አንስቼ ደወልኩላት። እማዬ ያኔ እግርሽን የምትሰቅዪው ለምን ነበር? አልኳት።

ዝም አለች። ከዛ «ኧረ የድሮ ነገር፣ ሆዴን ይከብደኝ ነበር» አለች። አሁንስ? ስላት፣ «ከአደፍ ካቆምኩ ወዲህ እሱ ራሱ ተወኝ።»

ሐኪሙ እንዲሁ ነው ያለኝ። ካረጡ በኋላ ሆርሞኑ ሲቀንስ ብዙዎቹን እየተዋቸው ይሄዳል ብሎኛል። አላውቅም፣ የሷ ይሄው ይሁን ሌላ፣ አሁን ማን ያውቀዋል፣ ማንም ቆማ አላያትም። ለምን አልነገርሽንም? ስላት «ለማን?» አለችኝ። እንዲህ ብቻ፣ ለማን። ከዛ ወዲያው በርበሬው ደርቋል፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይና ውሰጂ፣ ዘንድሮ ዋጋው ምናምን እያለች...

እና እኔ ስለ በርበሬው አወራሁ። ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሃያ ዓመት ይሆናል እኮ በትንሹ፣ ሃያ ዓመት በየማታው፣ እኛ አጠገቧ ተኝተን እየሳቅን... ቅዳሜ እሄዳለሁ። እጠይቃታለሁ መሰለኝ። ወይ ደግሞ ዝም ብዬ አብሬያት እተኛ ይሆናል፣ እግራችንን... አላውቅም። ጀነሬተሩ ጠፋ። ሰማችሁ? መብራት መጣ መሰለኝ፣ ቆይ፣