መስማት የሚቸግረው ተማሪ ዋርድ ሲገባ

ክቡራን መምህራን፣ የተግባር ልምምድ ተቆጣጣሪዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

መስማት የሚቸግረው ወጣት ነርስ ወይም ሐኪም ልሁን ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «የልብ ድምፅ እንዴት ልታዳምጥ ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ መልስ ሳይጠበቅ መጠየቁ ነው። ስለዚህ ከእሱው እንጀምር።

የልብ ድምፅ ወፍራም ድምፅ ነው፤ አብዛኛው ከ20 እስከ 200 ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ባለው ውስጥ ይገኛል። በንግግር ውስጥ «ሰ»ን ከ«ፈ» የምንለይባቸው ድምፆች ግን ቀጫጭን ናቸው፤ ከ2000 ኸርዝ በላይ ይወጣሉ። አብዛኛው ሰው መስማት የሚቀንስበት ደግሞ ከቀጭኑ ወገን ጀምሮ ነው። ስለዚህ በጨዋታ መሃል «ምን አልክ?» እያለ የሚያስደግመን ተማሪ የልብ ምትን በተራ ስቴቶስኮፕ ከጓደኞቹ እኩል ሊሰማ ይችላል። ሳንባ ላይ ሲደርስ ግን የአስም ፉጨት ሊያመልጠው ይችላል፤ ፉጨቱ ብዙውን ጊዜ ከ400 ኸርዝ በላይ ነውና።

እዚህ ላይ ተማሪ የሚመርጥ ብዙ ኮሚቴ የሚስተው ነገር አለ። የተለመደው የመስማት ምርመራ የሚለካው ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያለውን ነው። የልብ ድምፅ ከዚያ በታች ነው። ኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የዚህን ምርመራ ውጤት ወረቀት፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይህ ልጅ ልብ ማዳመጥ አይችልም» ብሎ መወሰን ያልተለካውን መፍረድ ነው። ማወቅ የፈለገ ስቴቶስኮፑን ሰጥቶ፣ የልቡ ድምፅ ምን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ሕመምተኛ ዘንድ ወስዶ ይሞክረው።

ተራው ስቴቶስኮፕ ካልበቃ ድምፅ የሚያጎላ የኤሌክትሮኒክ ስቴቶስኮፕ አለ። በውጭ ገበያ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣልና ከመግዛታችሁ በፊት ከመስሚያ መርጃችሁ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ወስኑ። ብዙዎች በብሉቱዝ ድምፁን በቀጥታ ወደ መርጃው ይልኩና ልቡን ሲያጡት መሣሪያው ተበላሸ ይላሉ። አልተበላሸም። መርጃው የተሠራው ለንግግር ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ብዙም አያጎላም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ክፍት ከሆነ ደግሞ የደረሰው ወፍራም ድምፅ በቀዳዳው ይወጣል። ጫጫታ መቀነሻውም ሳያቋርጥ የሚመጣውን የትንፋሽ ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። መፍትሔው ኦዲዮሎጂስቱ (የመስማት ባለሙያው) ለስቴቶስኮፕ ብቻ የሚሆን የተለየ ፕሮግራም እንዲጭንላችሁ መጠየቅ ነው፦ ወፍራሙ ድምፅ ከፍ ይበል፣ ጫጫታ መቀነሻው ይጥፋ፣ ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ማስገቢያ ይሠራ። እንዲህም ሆኖ የመርጃው ትንሽ ድምፅ ማጉያ በጣም ወፍራሙን ላያወጣው ይችላል። ያኔ መርጃውን አውልቆ ማዳመጥ፣ ወይም ጆሮን ከነመርጃው የሚሸፍን ትልቅ ሄድፎን መጠቀም ነው የሚቀረው። የምታወልቁ ከሆነ ኪሳችሁ ውስጥ ክዳን ያለው ትንሽ ሳጥን ይኑር፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሕመምተኛውንም «አሁን ላዳምጥዎት ነው፤ እስክጨርስ አይናገሩ» በሉት።

የድምፁን ሞገድ በስልክ ስክሪን ላይ የሚያሳዩ ሞዴሎችም አሉ። በተለይ ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) ለሚጠቀሙ ይረዳሉ፤ ሥዕሉን ማንበብ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ይጠይቃል።

የደም ግፊት መለካት ቀለል ይላል። በእጅ ዳሰሳ የሚገኘው የላይኛው ቁጥር ብቻ ነው። አውቶማቲኩ መለኪያ ሁለቱንም ይሰጣል፤ የልብ ምቱ በተዛባ ሕመምተኛ ላይ ግን ሊያሳስት ስለሚችል ያኔ ደግማችሁ ለኩ ወይም ባልደረባ አስለኩ።

«ልብማ ያለ ጆሮ አይሆንም» ለሚሉ ሔለን ታውሲግን ማስታወስ ይበቃል። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት የልብ ሐኪም ነበሩ፤ መስማት እየከዳቸው ሲሄድ የሕፃናቱን ደረት በጣቶቻቸው እየዳሰሱ ይመረምሩ፣ ከንፈር ያነቡም ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው፣ በልብ ጉድለት ሳቢያ ኦክስጅን አንሷቸው ሰውነታቸው የሚጠቁር ሕፃናትን ያተረፈው ቀዶ ሕክምና ሐሳብ የእሳቸው ነው።

አሁን ዋናው ችግር ወዳለበት እንሂድ፤ እሱም የሥራ ባልደረባ ንግግር ነው። የቀዶ ሕክምና ማስክ ከቀጫጭኑ ድምፅ 3 ወይም 4 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ ኤን-95 የሚባለው ወፍራሙ ማስክ እስከ 12 ይደርሳል፤ ከንፈርንም ይሸፍናል። ከንፈር የሚያሳየው ግልጽ ማስክ ድምፁን ከተራው ማስክ የባሰ ያፍነዋል፤ ስለዚህ ከንፈር ለማያነብ ሰው ጥቅሙ ጥቂት ነው። የሚሻለው መምህሩ ደረቱ ላይ የሚሰካው፣ ድምፁን በቀጥታ ወደ መርጃው የሚልክ ማይክሮፎን ነው፤ ቦታው ከአፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ከሆነ እጅ ከመታጠብ በፊት ተሰክቶና ተሞክሮ ከጋውኑ በታች ይሁን። ቻርጁ የቀን ሥራ ቢያደርስም የ24 ሰዓት ዲዩቲ ላያደርስ ስለሚችል ማታ የት እንደሚሞላ አስቀድማችሁ አስቡ። የመርጃው መለዋወጫ ባትሪም ሎከር ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይሁን።

ቁጥር ሲነገር ይበልጥ ተጠንቀቁ። ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ፤ ሁሉም የሚጀምሩት ቀድሞ በሚጠፋው ድምፅ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆንም «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ይምታታሉ። ስለዚህ የቃል ትእዛዝ ስትቀበሉ «እሺ» ብሎ ነገር አይኑር፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚሰጥበትን መንገድ መልሳችሁ ተናገሩ። ሰምቶ ሳይገባው ራሱን የሚነቀንቅ ተማሪ ከማይሰማው ይልቅ አደገኛ ነው። መምህራንም ሦስት ጊዜ ያስደገመን ተማሪ ፊት አትንሡት፤ በቁጣችሁ መነቅነቅን ታስተምሩታላችሁ።

የላብራቶሪ ውጤት በስልክ ከመነገር ይልቅ በጽሑፍ ይላክ። የተረኞች ርክክብም በጽሑፍ ይደገፍ። ራውንድ (የሕመምተኞች ጉብኝት) ላይ መስኮቱ ከተናጋሪው ጀርባ አይሁን፤ ፊቱ ይጨልማል። ድንገተኛ ሕመምተኛ ሲመጣ የቡድን መሪውም የሞኒተሩም ፊት የሚታየው ከአልጋው ግርጌ ነው፤ የአላርም ድምፅ ላመለጠው ትከሻውን የሚነካ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ኤምአርአይ ክፍል የምትገቡ መርጃችሁን ውጭ አውልቁ፤ ኢምፕላንት ያላችሁ ግን የክፍሉን ባለሙያ ሳትጠይቁ ደጁን አትለፉ።

አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ ሠራተኛን በተመለከተ አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ተማሪዎች፣ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ከመጀመሩ ሳምንታት አስቀድማችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ኦዲዮግራም ብቻ አያይዛችሁ አትስጡ፤ የሚያነበው ሰው የማትችሉትን ብቻ ያያል። የምትጠቀሙበትን መሣሪያና ከክፍሉ የምትፈልጉትን በስም ጥቀሱ።

«ፋርማሲ ይሻልሃል» የምትሉ መካሪዎችም አላችሁ። የፋርማሲ መስኮት ዘንድ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? መስታወት፣ ሰልፍ፣ ጫጫታ፤ ከጸጥተኛ የምርመራ ክፍል ይልቅ መስማት የሚከብደው እዚያ ነው።

ለፈታኞች አንድ ነገር ልጨምር። የተግባር ፈተና ማኒኪን (የሰው አምሳያ) ድምፁን የሚያወጣው በትንሽ ስፒከር ስለሆነ በኤሌክትሮኒክ ስቴቶስኮፕ ሲደመጥ ከሰው ደረት የተለየ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ከፈተናው ቀን በፊት በዚያው ማኒኪን ላይ መሣሪያውን እንዲሞክር ፍቀዱለት፤ ካልሠራለት በእውነተኛ ሕመምተኛ ላይ ይፈተን።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እባካችሁ ማይክሮፎኑን ያዙ።