ከረሜላ አልሰረቅሁም

በዓለም የስኳር ሕመም ቀን ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለወጣት ታካሚዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። ወላጆች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከኋላ በሩ ጋ የተቀመጣችሁ ጎረምሶች! እኔም በእናንተ ዕድሜ እዚያው ነበር የምቀመጠው፤ ስሜ ሲጠራ ሹልክ ለማለት ይመቻል።

ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ከያዘኝ 23 ዓመት ሆነኝ፤ ሰውነቴ ስኳርን የሚጠቀምበትን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ አያመርትም። ሲጀምረኝ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ውኃ አልጠግብም፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ፣ ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ አስቸገረኝ። ጎረቤት ወስፋት ነው አለ፤ መጀመሪያ ያየኝ ባለሙያ ታይፎይድ አለ። እናቴን ያነቃት ጉንዳን ነው። ጓሮ የሸናሁበት ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አየች። ሆስፒታል ስደርስ ግን እያስመለሰኝ፣ ትንፋሼ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ እየሸተተ፣ ራሴን ስቼ ነበር። ሐኪሞቹ ዲኬኤ ይሉታል፤ ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዛል። ብዙ ልጅ ስኳር እንዳለበት የሚታወቀው እንዲህ አፋፍ ላይ ደርሶ ነው። ሳይታወቅለት የሚቀበርም አለ።

ዛሬ የመጣሁት ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ፣ ከ13 እስከ 22 ስላሉት ዓመታት ላወራችሁ ነው።

14 ዓመት ሲሞላኝ ስኳሬ አልታዘዝ አለ። መርፌው ያው፣ ሽሮውም ያው፣ ልኬቱ ግን 300፣ 350። ክትትል ቀን ቁጥሩ ሲነበብ እናቴ አንገቷን ደፋች። ማታ ኪሴን ፈተሸችና ሁለት ከረሜላ አገኘች። «ሰርቀህ ስትበላ ነው የከረምከው፣ እመን!» ከረሜላውን ስኳሬ ሲወርድ እንድልሰው ኪሴ እንዲቀመጥ ያዘዘችኝ ነርሷ ነበረች። ብናገር ማን ይሰማኛል? ለመጀመሪያ ጊዜ በቀበቶ ተገረፍኩ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ልጅ ጉርምስና ሲገባ የሚመነጩት ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋሉ። ቀድሞ በቀን በኪሎ ከ1 ዩኒት በታች ይበቃው የነበረ ልጅ 1.2፣ አንዳንዱም እስከ 2 ዩኒት ሊያስፈልገው ይችላል። እኔ ቁመቴ ጨምሯል፣ ድምፄ ጎርንኗል፣ መርፌዬ ግን የ11 ዓመቱ ልጅ መርፌ ነበር። እናቴ አትፍረዱባት፤ የነገራት ሰው የለም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ውሸት ተማርኩ። የስኳር መመዝገቢያ ደብተሬ ላይ 120፣ 135፣ 128 እያልኩ እሞላለሁ፤ እውነት እንዲመስል እስክሪብቶ እቀያይራለሁ፣ አንዳንዱን ገጽ ሆነ ብዬ በሻይ አቆሽሻለሁ። የምንገዛው ስትሪፕ፣ የደም ስኳር መለኪያው ወረቀት፣ በሳምንት ለሁለት ልኬት እንኳ ስለማይበቃ የሚያጣራብኝ አልነበረም። እናቴ ደብተሩን አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ደግሞ ስለ ጥበቤ እንዳታደንቁኝ፤ ዛሬ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ባለበት ይህ ዘዴ አንድ ቀን አያድርም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ባሰ። ቤት ሳለሁ የኢንሱሊን ብልቃጡ እርጥብ አሸዋ በተሞላ እንስራ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ዶርም ውስጥ ግን ካልሲ ውስጥ ደበቅሁት። መርፌ ሲወጋ ያየ ሱሰኛ ይለኛል ብዬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ሁልጊዜ አንድ ጭን፣ አንድ ቦታ ላይ እወጋለሁ። ቦታው አብጦ ጠነከረ። ለካ እዚያ እብጠት ላይ የተወጋ ኢንሱሊን በወጉ አይሠራም።

24 ዓመቴ ላይ አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ትንኝ ፊቴ ላይ የሚዞር መሰለኝና በእጄ አባረርኩት። ሌላ መጣ። ለምሳ ስወጣ ግራ ዓይኔ ላይ ጥቁር መጋረጃ ወርዷል። ዓይን ውስጥ በስኳር ብዛት በተጎዱት ደም ሥሮች ምትክ አዳዲስ ስስ ሥሮች በቅለው፣ እነሱ ፈንድተው ነው። ሐኪሟ «ከዚህ በፊት ዓይንህን መቼ ታየህ?» አለችኝ። ታይቼ አላውቅም፤ አሞኝ አያውቅማ! ቀኙን በሌዘር አተረፉልኝ። በግራው እናንተን የማያችሁ በጭስ ውስጥ ነው።

ወላጆች፣ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፦ ዓይንም ኩላሊትም ሲጀምራቸው አያሙም። ዓይነት 1 ያለበት ልጅ 11 ዓመት ከሞላው ወይም ጉርምስና ከጀመረና ሕመሙ ከያዘው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ካለፈ፣ በየጊዜው ዓይኑ በጠብታ ተከፍቶ ይታይ፣ ሽንቱም የሚያፈስሰው ፕሮቲን እንዳለ ይመርመር። የደም ግፊቱን ለኩለት፤ የልጅ ግፊት የለም አትበሉ። ጫማውንም አስወልቃችሁ እግሩን እዩ። ዓይነት 2፣ ኢንሱሊን እያለ በወጉ የማይሠራበት፣ ከሆነ ደግሞ ምርመራው የሚጀምረው ሕመሙ በታወቀበት ቀን ነው። «የትልቅ ሰው ስኳር ስለሆነ ይለሳለሳል» ሲባል እሰማለሁ፤ በወጣት ላይ ግን ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ሕመሙ በልጅነት የጀመራቸውን ወጣቶች ተከታትሎ፣ 21 ዓመት ገደማ ሲደርሱ ዓይነት 1 ካለባቸው 32 በመቶው፣ ዓይነት 2 ካለባቸው 72 በመቶው ቢያንስ አንድ ተጓዳኝ ችግር እንዳለባቸው አገኘ። ያውም ስትሪፕ ከእኛ በተሻለ በሚገኝበት አገር።

ግን ተስፋም አለ፣ ባይኖር አልመጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ከ13 እስከ 39 ዓመት የሆኑ 1,441 ሰዎችን ያካተተ ነበር። የዓይን ጉዳት ገና ያልጀመራቸው ሰዎች ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ ጉዳቱ የመምጣቱ ዕድል በ76 በመቶ ቀነሰ። ጥናቱ ካበቃ በኋላ የሁሉም ስኳር ተቀራረበ፣ የቀድሞው ጥንቃቄ ጥቅም ግን ለብዙ ዓመታት ዘለቀ። በ15 ዓመታችሁ የምትወጉትን መርፌ ሰውነታችሁ በ35 ዓመታችሁም ያስታውሰዋል፣ ጎረምሶች።

መምህራን፣ ተማሪ ፈተና ላይ ላብ አጥምቆት እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ንግግሩ ሲተሳሰር «ጠጥቷል» ብላችሁ አታስወጡት። እኔ ተባርሬ ደረጃ ላይ ወድቄአለሁ። ስኳሩ ወርዶ ነው፤ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጡለትና አጠገቡ ቆዩ።

የሴት ልጅ እናቶችም፣ «ትዳር ይቀርባታል» ብላችሁ ሕመሟን አታስደብቋት። አንድ ቀን ታረግዛለች፤ ስኳሯ ከእርግዝናው በፊት መስተካከል አለበት፣ የተደበቀ ስኳር ደግሞ የሚያስተካክለው የለም።

ባለሙያዎቻችን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ሲሸጋገር ካርዱን ሰጥታችሁ አትልቀቁት። እኔን «ከእንግዲህ በዚያኛው በር» ብለው ላኩኝ፤ በዚያኛው በር የገባሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እጁን ይዛችሁ አድርሱት፣ አዲሱን ሐኪም በስሙ አስተዋውቁት።

እናቴ ዛሬ እዚህ ናት፣ ነጠላዋን ያጣፋችው። ኪሴ ውስጥ አሁንም ሁለት ከረሜላ አለ፤ ጠዋት የከተተችልኝ እሷ ናት።

ከአዳራሹ ውጪ በስተቀኝ የዓይን ምርመራ ተዘጋጅቷል። ጠብታው ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ ለጥቂት ሰዓትም ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ከምርመራው በኋላ ልጆቻችሁን መንገድ ብቻቸውን አታሻግሯቸው። እኔም ዓመታዊ ምርመራዬ ደርሷል። በሩ ጋ ያላችሁት ለመውጣት ስለምትቀርቡ ከኔ ፊት ትሰለፋላችሁ።