ሲሻላችሁ የምትተዉት የአስም መድኃኒት

የተከበራችሁ የዕድራችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ዳኛችን ይህን ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። በፋርማሲው መስኮት ወረፋ እየገፋን በችኮላ የምናገረውን ዛሬ ረጋ ብዬ ልናገር። ጉዳዬ አስም ነው፤ ይልቁንም ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት አንድ የአስም መድኃኒት።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ፣ የአውድማው ብናኝና በር ዘግተን የምናነድደው ኩበት ተደራርበው ይመጣሉ። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ውስጡ ያበጠና የተቆጣ ነው። ብርድና ጢስ ሲነካው ይጠብባል፤ ደረት ይታፈናል፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል።

የምታውቁት ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል ነው። የቧንቧውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያቆያል። እብጠቱን ግን አይነካውም። ጢሱን ማራገብ እሳቱን አያጠፋም። እሳቱን የሚያጠፋው ስቴሮይድ ያለበት ሌላው ፓፍ ነው፤ ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ ወይም ፍሉቲካዞን ይባላል። ሥራው በቀናትና በሳምንታት የሚታይ ስለሆነ ገና ሳይሠራ «አልያዘልኝም» ተብሎ ይጣላል፤ ሠርቶ ሳሉ ሲጠፋ ደግሞ «ድኛለሁ» ተብሎ ይተዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም ከ2019 ወዲህ አዋቂዎችን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን አይመክርም።

«ስቴሮይድ ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ይበላል» ይባላል። ወሬው ከባዶ አልመጣም፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ እንክብል ለረጅም ጊዜ የዋጠ ሰው ላይ ይታያል። ነገር ግን መጠኑን አስተያዩ። መድኃኒቶቹ በኃይል እኩል ባይሆኑም፣ አንድ ባለ 5 ሚሊግራም የፕሬድኒሶሎን እንክብል 5,000 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ የቤክሎሜታዞን ፓፍ ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 100 ማይክሮግራም ነው፤ እሱም በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል። በከፍተኛ መጠን ለዓመታት ከተወሰደ ዓይንንና አጥንትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ፤ ክትትላችሁንም አታቋርጡ። ልጆች ላይ ቁመትን በ1 ሴንቲሜትር ገደማ ሊቀንስ ይችላል። እናቶች ሆይ፣ ይህን ልጃችሁ ትንፋሽ አጥሮት ቁጭ ብሎ ከሚያድርበት ሌሊት ጋር አመዛዝኑት። ነፍሰ ጡር የሆናችሁም ያለ ሐኪም ምክር አትተዉት፤ እናት ትንፋሽ ሲያጥራት ፅንሱም ኦክስጅን ያጥረዋል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ጉዳት በአፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ሽፋንና የድምፅ መጎርነን ነው። መከላከያው ውሃ ነው፤ ፓፉን ከወሰዳችሁ በኋላ ተጉመጥመጡና ትፉት። በጾም ወራት መጉመጥመጡን ፈርታችሁ መድኃኒቱን የምትተዉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ሆነን ማስማማት እንችላለን፤ ሁለት ወር ሙሉ መተው ግን አይሆንም።

አወሳሰዱ ላይ ልቆይ፤ መድኃኒቱ የሚባክነው እዚህ ነውና። ፓፉን አራግፉት። አየሩን ከደረታችሁ አስወጡ። የፓፉን አፍ በከንፈራችሁ ገጥማችሁ፣ እየተጫናችሁት በዝግታ ሳቡ፤ 10 እስክትቆጥሩ ትንፋሻችሁን ያዙ። ካልተመቻችሁ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውሰዱ፤ ሥሩን በፓፉ አፍ ልክ ብሱትና ፓፉን ሰክታችሁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ሳቡ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለሕፃናት በሚሰጥ ቧንቧ የሚያላላ መድኃኒት ተፈትኖ፣ ለዚሁ ሥራ በፋብሪካ ከሚሠራው መሳቢያ ያልተናነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ፕላስቲኩን በሳሙና እጠቡት፤ በጨርቅ ግን አትወልውሉት፣ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቅባችኋል። ራሱ ይድረቅ።

ፓፉ ማለቁን ውሃ ላይ በማንሳፈፍ መለየት አይቻልም። 200 ጊዜ የሚረጨውን ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ብትወስዱ በ50 ቀን ያልቃል፤ የጀመራችሁበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ጻፉ። በውርጭ ሌሊት ቆርቆሮው ከቀዘቀዘ የሚረጨው መጠን ይቀንሳል፤ በመዳፋችሁ አሙቁት እንጂ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ይፈነዳል።

ሕመሙ ድንገት ሲነሳ የስቴሮይዱን ፓፍ አትጠብቁ። ሐኪም ሌላ ካላዘዘላችሁ ሳልቡታሞሉን ውሰዱ፤ በሽተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እየሰጣችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ሌሊት ነው፣ ይንጋ አትበሉ።

ሁለት የተበሱ ጠርሙሶች ይዤ መጥቻለሁ። ፓፋችሁ በኪሳችሁ ያለ ወደዚህ ቅረቡ፤ እንዴት እንደምትስቡ አብረን እንየው።