ሊዮን፦ የሚጸልየው ኮረብታና የሚሠራው ኮረብታ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ፈረንሳይ ውስጥ ሮን ወንዝ ላይ በመርከብ ሄደን ነበር። ብዙዎቻችሁ "እስኪ ስለ ጉዞው አውሪን" ስላላችሁኝ፣ ሊዮን ስለዋልንበት ቀን ላውራችሁ። ሌላው ከተማ ይቆየን። አንዳንድ ነገር በርጋታ ካልተወራ ደስ አይልም።

የወንዝ መርከብ እንደ ባሕሩ ግዙፍ አይደለም። ድልድይ ሥር ማለፍ ስላለበት ፎቅ አያበዛም፣ ረጅምና ጠባብ ነው። ሊዮን ላይ መሀል ከተማ፣ ክሎድ በርናር የሚባል የወንዝ ዳር መንገድ አጠገብ ይቆማል። ቦታ ሲጠብ መርከቦቹን ጎን ለጎን ያስሯቸዋል። ጠዋት ወንዙን ላይ ብዬ መጋረጃውን ስገልጥ፣ ፒጃማ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ፊት ለፊት ተያየን። የጎረቤት መርከብ ሰው ናቸው። እጃቸውን አውለበለቡልኝ፣ እኔም አውለበለብኩ። ምን ላድርግ?

እንግዲህ መርከቡ ማታ ይነሳል፤ ያለን አንድ ቀን ነው። ክርክሩም እዚያው ቁርስ ላይ ተጀመረ።

ሊዮን ሁለት ወንዝና ሁለት ኮረብታ ያላት ከተማ ናት። ሮን ከስዊዘርላንድ ተራሮች ተነስቶ፣ የጄኔቭን ሐይቅ አቋርጦ እየተጣደፈ ይመጣል። ሶን ግን ምንም የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ ዝግ ብሎ መጥቶ ከከተማዋ በስተደቡብ ይቀላቀለዋል። ከኮረብታዎቹ አንዱ ፉርቪየር ነው፤ አናቱ ላይ ከየትም የሚታይ ነጭ ባዚሊካ አለ። ሌላው ክሯ ሩስ ነው፤ የሐር ሸማኔዎች ሰፈር። ሚሽሌ የሚባለው ታሪክ ጸሐፊ የመጀመሪያውን የሚጸልየው ኮረብታ፣ ሁለተኛውን የሚሠራው ኮረብታ ብሏቸዋል፤ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ይለዋል። እኔ ጸሎቱን መረጥኩ። ባለቤቴ ሥራውን።

ባለቤቴ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጨንቻ መጥተው እዚያ የከተሙ ሸማኔ ነበሩ። እሱ ግን ሰው "አባትህ ምን ይሠሩ ነበር?" ሲለው "ንግድ" ብሎ ወሬ ይቀይራል። አልፈርድበትም። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ውስጥ "ቁጢት በጣሽ" እየተባለ ነው ያደገው። አፄ ምኒልክ በአዋጅ የከለከሉት ስድብ ነው፤ አዋጁ እነሱ ትምህርት ቤት ግቢ ሳይደርስ ቀረ እንጂ። እና ይህ ሰው በራሱ አፍ "ሸማኔዎቹ ጋ እንሂድ" ሲለኝ ምን ልል ነው? ፉርቪየርን ተውኩት። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም፣ እሱን ልንገራችሁ።

ክሯ ሩስ በሜትሮ ይወጣል። ሲ የሚባለው መስመር ዳገቱ ስለሚከብደው ባለ ጥርስ ሐዲድ ነው። ከላይ የሸማኔዎች ቤት የሚባል ትንሽ ሙዚየም አለ፤ ዕቃው በመስታወት የታሸገ ሳይሆን ሰው ቁጭ ብሎ እየሸመነ የሚያሳይበት። እዚያ ነው የዣካርን የሽመና ዕቃ ያየነው። ዣካር የሊዮን ሰው ነው፤ ዕቃውን በ1804 አካባቢ ነው ያወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። ከላይ የተበሳሳ የካርቶን ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ቀዳዳ ባለበት የድሩ ክር ይነሳል፣ በሌለበት ይቀራል፤ ማጉ በመሀል ያልፋል። ሌላ ካርቶን፣ ሌላ ማግ። አበባው እንዲህ እንዲህ እያለ ይወጣል። ኋላ ኮምፒውተርም በተበሳ ካርድ መታዘዝ የጀመረው ከዚህ በተወሰደ ሐሳብ ነው። ዕቃው ከመርዘሙ የተነሳ የሰፈሩ ቤቶች ጣሪያ አራት ሜትር ገደማ ነው። ቤተሰቡ እዚያው ይሠራል፣ እዚያው በቆጥ ላይ ይተኛል።

ባለቤቴ ወደ ዕቃው ተጠጋ። ጎንበስ ብሎ የሴትዮዋን እግር ያያል። "መርገጫው አንድ ነው!" አለኝ። አባቱ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው ሲሠሩ ሁለት ነበር። ከዚያ በእጁና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጥያቄ ጀመረ። ክሩ ሲበጠስ እንዴት ትቀጥይዋለሽ? በቀን ምን ያህል ትሸምኛለሽ? አንዳንዱ ቬልቬት በቀን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። ሌሎቹ ጎብኚዎች ፎቶ አንስተው ወጥተዋል፤ እሱ ገና ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማግ ሲያጠነጥን ያመሽ እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። ስንት ዓመት አብረን ኖረን!

ይበልጥ የያዘው ግን የ1831 ታሪክ ነው። የሊዮን ሸማኔ ዕቃው የራሱ ነው፤ ሐሩን የሚያመጣውም ዋጋውን የሚቆርጠውም ነጋዴው ነው። ዋጋ ሲወርድ ሸማኔዎቹ ዝቅተኛው ክፍያ በታሪፍ ይወሰንልን አሉ። ተወሰነላቸው። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ "አንከፍልም" አሉ። በኅዳር ወር ሸማኔዎቹ ከክሯ ሩስ ወርደው ከተማዋን ለጥቂት ቀናት ያዟት፤ በኋላ ጦር መጣ፣ ታሪፉም ተሻረ። በ1834 እንደገና ተነሱ፤ ያኔ ብዙ ደም ፈሰሰ። አሁን "ድር ቢያብር" እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልልም፤ እነዚህ አብረውም አንበሳው አልታሰረላቸውም። ባለቤቴ ግን "አባቴም እንዲሁ ነበር" አለ። "ነጋዴው ክሩን ያመጣል፣ ነጠላውን አገላብጦ ያይና እንከን ያወጣለታል፣ ዋጋውን ይቀንሳል።"

ቁልቁለቱን በእግር ወረድን። እዚያ ትራቡል የሚሏቸው፣ በሕንጻ ውስጥ ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው የሚያሻግሩ መተላለፊያዎች አሉ። በጦርነቱ ጊዜ ናዚን የሚዋጉ አርበኞች ተጠቅመውባቸዋል። ሰው የሚኖርባቸው ግቢዎች ናቸውና ስትገቡ ድምፃችሁን ቀንሱ።

ከዚያ ወረድ ብሎ አጥር የከበበው የሮማውያን አምፊቲያትር ፍርስራሽ አየን። ሳሩ መሀል እንጨት ተተክሏል። እንዲሁ ልናልፈው ስንል ጽሑፉን አነበብኩ። በ177 የሊዮን ክርስቲያኖች ለአውሬ የተሰጡበት ቦታ ነው! እንጨቱ ብላንዲና የምትባለዋን ባሪያ ያስታውሳል፤ አስረዋት አውሬዎቹ አልነኳትም ይባላል። ጳጳሱ ፖቲኖስ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗቸው እስር ቤት ሞቱ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተሾመው እኛም ሄሬኔዎስ ብለን የምናውቀው አባት ነው። እኔ ፉርቪየርን አጣሁ ብዬ ሳኮርፍ፣ ሰማዕታቱ የተሠዉት የሚሠራው ኮረብታ ላይ ኖሯል። አጥሩን ይዤ ጸሎቴን አደረስኩ። ባለቤቴ ሰዓቱን አላየም። ይህ ብርቅ ነው።

ምሳ በአጭሩ፦ የሊዮን ምግብ ቤቶች የአሳማና የጨጓራ ነገር ይወዳሉ፤ እኔ አልደፍርም። የሸማኔ ጭንቅላት የሚሉትን ግን ቅመሱ። ስሙ አያስፈራችሁ፣ የእኛ አይብ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ሲገባበት ማለት ነው።

ወደ መርከቡ ስንመለስ አንዲት ትንሽ የሐር ሱቅ ገባን። ባለቤቴን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ መርካቶ ይሁን ሜሪላንድ፣ ሳይከራከር አንድ ካልሲ አይገዛም። አንድ ሻርፕ አነሳ፤ ፊቱን ሳያይ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረው እኔ ደነገጥኩ። እሱ ካርዱን አውጥቶ ከፈለ። ውጭ ወጥተን "ምን ነካህ? ቀንስ እንኳን አላልክም!" ብለው፣ "ሠሪው ራሱ ነው የሚሸጠው" ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።